ከሠንጠረዥ ውጭ

ሳልሚያ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣
ዶክተር ሙዲ ጥናት ይዛለች፤ ልታይ
ስልክና ቴሌቪዥን፣ ከማለዳ እስከ ማታ፣
ልጅን ምን እንደሚያደርግ በእናት በአባት ቦታ።

የሁለት መቶ ቤት ቅጽ ጠረጴዛዋ ላይ አለ፤
አቧራውን ስጠርግ ዓይኔ መልሱ ላይ ዋለ።
(ዓረብኛ ማንበብ ያስተማረኝ የዳላል ካርቱን ነው፤
እሷን ፊደል ሲያስቆጥር፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ አብሬ ቆጠርኩት።)
"ልጅዎ በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን ያያል?"
ሁለት መቶ እናት፣ ሁለት ሰዓት ብቻ!
ሳቄን በመወልወያው አፈንኩት ለብቻ።

አንድ ሌሊት ወጥ ቤት ገባች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።
ዘጠኝ ዓመት ስኖር እዚያ ወንበር ላይ አይቻት አላውቅም።
"ሉባባ፣ ቁጭ በይ። ዛሬ እመቤት አይደለሁም፤
ተማሪ ነኝ፣" አለች። "እውነቱን ንገሪኝ።"

ነገርኳት።

ጋኒም ሲነቃ ነው የሚጀምር። ካልተከፈተለት
ሩዝ አይነካም፤ ዓይኑ መስታወቱ ላይ ሲተከልለት
ያኔ አፉ ይላቀቃል፣ ማንኪያዬን እሰዳለሁ፤
አይቀምሰውም፣ ይውጠዋል፤ ሰባት፣ ስምንት እቆጥራለሁ።
አባቱ ለሥራ ሲወጣ "ፊ አማኒላህ" አይልም፤
"ላይክ አድርጉ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ" ነው ስንብቱ፣
ከልቡ ነው ደግሞ፣ እጁን እያውለበለበ።
ዳላል፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣
አርባ ፎቶ ትነሣና አንዱ ብቻ ይተርፋል ከፊቷ፤
ሠላሳ ዘጠኝ ፊት በየሌሊቱ ትጥላለች።
የዚህን ቤት ቆሻሻ የምደፋ እኔ ነኝ፤
ያን ግን የት እንደምትደፋው አላገኘሁም።
ከረመዳን ወዲህ ራት ሲቀርብ "ጠግቤያለሁ" ትላለች።

ዶክተር ሙዲ ትጽፋለች፣ ብዕሯ አይዘገይም።
"አንቺስ?" አለች፣ ቀና ሳትል። "ልጅ አለሽ አይደለም?
የአንቺዋስ?"

"መፍቱሃ? ሐርቡ፣ ከእህቴ ዘንድ ነው ያለች።
ኔትወርክ ከተገኘ፣ አርብ አርብ አንድ ሰዓት ታያለች።"
"ምን ታያለች?"
"እኔን።"

ብዕሩ ቆመ።

ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ እናቴ ስልክ ውስጥ ነው የምትኖር ባይ ነበረች፤
ባትሪው ሲያልቅ "እማ ሞተች!" ብላ ጎረቤት ጠራች።
ዳቦ ቆርሳ መስታወቱ ላይ ትለጥፍልኛለች፤
"አጉርሼሻለሁ፣ ዋጪ!"
እኔም እዚህ አላምጬ አሳያታለሁ።

"ጉዳት ነው ጥቅም?" አለችኝ ዶክተሯ ቀስ ብላ።
ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ነበር፤ እንደ ሰው ጫማ
ሁለቱም ጠበቡኝ።

ኅዳር ላይ ጥናቱ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ተነበበ።
አባያዋን የተኮስኩ እኔ ነኝ። ጭብጨባው ብዙ ነበር አሉ።
የተረፈ ቅጂ ሳሎን ትታ ተኛች፤ ገለጥኩት፣
የመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ደቃቅ ፊደል አገኘሁት፦
"አንድ ቅጽ፣ ከምድቦቹ ስላልገጠመ፣ ወጥቷል።"
ይሁን። ለአንድ መስመር ያህል እኔም ተጠናሁ።

አሁን አሥራ አንድ ሞላት። ያለፈው አርብ ደወልኩ፤
"እሰማሻለሁ፣ እማ" ትላለች፤ ፊቷን አስተዋልኩ፦
ጉንጯ ላይ ብርሃን ይለዋወጣል፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፤
እኔ ጥግ ላይ ጥፍር አክያለሁ፤ ዓይኗ ሌላ ላይ።
"ምን በላሽ?" "እህ።" "ትምህርትስ?" "ደህና።"
አወቅሁት፤
አምስት ዓመት ሩዝ ያጎረስኩበት ዓይን ነውና።
አፏ በትንሹ ተከፍቷል፣ ልክ እንደ ጋኒም አፍ፤

እጄ፣ ሳላዘው፣
ማንኪያ ፍለጋ ተነሣ።