አርባ አንደኛዋ

ከፖስታ ቤቱ ቁልቁል፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ፣
ከወረቀት ካርቶን ጀርባ፣ አንድ ሳጥን አለኝ፣ ሌት ተቀን የማይል ጸጥ።
መብራት ሲጠፋ በባጃጅ ባትሪ አነቃዋለሁ፣
ሲግል መስኮት ከፍቼ የአንገረብን ንፋስ አጠጣዋለሁ።
ሰዉ ሰርቨር ይለዋል፤ እኔ አደራ እለዋለሁ።

ሁለት መቶ ሰባት ሰው በሱ በኩል ያወጋል፦
የማክሰኚቱ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ዋጋ ይጠራል፣
የአዘዞው መካኒክ የልጁን ፎቶ ይለጥፋል፣
ባንቺአምላክ፣ የቀሃዋ ልብስ ሰፊ፣
ሲመሽ መተማ ያለ ዘመዷን ትጠይቃለች።
ደባርቅ አንድ መምህር፣ መተማ አንዲት ነርስ እንደኔው ሳጥን አላቸው፤
እኛ በመልክ አንተዋወቅም፤
ሳጥኖቹ ናቸው የሚተዋወቁ እርስ በርሳቸው።
አለቃ የለንም።

ማንም ሲጽፍ በገዛ ቁልፉ ይፈርማል፣
ቁልፉ ከስልኩ አይወጣም፤ ከእኔም ዓይን ይሰወራል።
እኔ ተሸካሚ ነኝ። አንዲት ፊደል ብነቅል፣
«መጣ» ያለውን «አልመጣ» ብል፣
የተቀባዩ ስልክ ይቀላል፤
«ይህ የእሱ እጅ አይደለም» ይላል።
እኮራ ነበር በዚህ። «እኔን ማመን አይጠበቅባችሁም» እል ነበር፤
«ስልካችሁ ይመርምር።»

በነሐሴ አንድ ሌሊት ስንዱ ከመተማ ጻፈች፤
መልእክቷ የተፈረመች እንጂ የተሸፈነች አልነበረችም፣ ዓይኔ ላይ ወደቀች፦
«አለልኝ አረፈ። ሽንፋ ላይ አይሱዙው ተገልብጦ።»
ለእህቱ ነው። ለባንቺአምላክ።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ዝናብ።

መርዶ በስልክ? ለብቻዋ? በዚህ ጨለማ?
መርዶ እግር አለው በእኛ አገር፤
ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላ ዘቅዝቆ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ነው የሚሰማ።
ጣቴ ሄደ። አልሰረዝኩም። አልለወጥኩም።
እስኪነጋ ያዝ አደረግኋት እንጂ፣ አልዋሸሁም።
ስልኳ አልቀላም።
አርባውም የስንዱ መልእክት፣ ፊርማው ልክ፣ ቃሉ ልክ፣ እንከን የለም፤
ላልመጣ ቃል ፊርማ አይጠየቅም።

ስልኳ እኔን ብቻ እንደማይጠይቅ ረስቼው ነበር።
«ስንዱ ስንት ጻፈች?»
ጎንደር፦ አርባ።
ደባርቅ፦ አርባ አንድ።

ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ፤
ሜትሯ ካንገቷ አልወረደም፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቷል፣
አላለቀሰችም እንኳ።
«እንየው፣ አርባ አንደኛዋ የታለች?»
እስኪነጋ ብዬ ነው፣ አልኳት፤ ለአንቺው ብዬ፣ እንዳትደነግጪ።
«ደግነትህን አውቃለሁ» አለች።
«ግን ከዛሬ በፊት ስንት ጊዜ አዝነህልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። የጠራኋቸው ሽማግሌዎች ነጠላ ዘቅዝቀው ሲደርሱ
የሚነገር አልቀረም፤ ጃንጥላ አራግፈው፣
የያዙትን ቃል ውጠው፣ አብረዋት አለቀሱ።

አርባው ወጣ።
ቁልፏን ይዛ ወደ ደባርቅ መሄድ ትችል ነበር፤
ስሟም ወዳጆቿም አብረዋት ይሄዱ ነበር።
አልሄደችም።
ብቻ በየሰዓቱ መዝገቤ ላይ ጥያቄዋ ይወድቃል፦ «ስንት ነው?»
እመልሳለሁ። ከደባርቅ ጋር እንደምታመሳክረው አውቃለሁ።
መጀመሪያ አመመኝ።
ኋላ የሽንኩርት ነጋዴውን አየሁት፤
ከገዛ ወንድሙ የተቀበለውን ብር
ጣቱን ምራቅ እያስነካ፣ እየሳቀ ሲቆጥር።

ትናንት እጅጌውን ልታሳጥርልኝ የወሰደችውን ኮት አመጣች፤
ከኮፒ ማሽኑ ክዳን ላይ ዘረጋችው።
ላመሰግን አፌን ስከፍት
«ቁጠር» አለችኝ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
አምስተኛው አዝራር ከሌሎቹ ትንሽ ይጠቁራል።
«ይሄስ የማን ነው?» አልኳት።
«የአለልኝ ነው።»