ታሪፍ

ከኮምቦልቻ ተነሥተን ሐረጎን ልንወጣ፣
«ታሪፍ ጨምሯል» አለ ረዳቱ በቁጣ፤
አሥር ብር በነፍስ ወከፍ፣ እንደ ቀላል ነገር።
ሬዲዮኑም ያን ጊዜ ስለ ታሪፍ ነበር።

የሩቁን ነው ግን፤ የአሜሪካ ሸንጎ ይከራከራል፣
አንዱ «ጨምሩ» ሲል ሌላው «በቃ» ይላል፣
አስተርጓሚው ደክሞት ቃሉን ይጎትታል።
እኔ በመስኮቱ ቦርከናን አያለሁ፤
የመጨረሻ ደሞዜን በመሀረብ ጫፍ ቋጥሬ ይዣለሁ።
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ልብስ ሰፊ ይፈለጋል ብለውኛል።

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ መስመር አሥራ አንድ፣
ኮሌታ ሰፍቻለሁ ለማላውቀው ወንድ።
አንገቱን ግን አውቃለሁ።
አሥራ አምስት ተኩሉን፣ አሥራ ሰባቱን፣
ወፍራሙን፣ ሽንቁጡን።
በሰዓት ስልሳ አንገት፣ ስልሳ የማላየው ራስ፣
ስልሳ ትንሽ መለያ፣ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ሁሉ ዝም አለ።
መብራት ሄደ ብለን ሳቅን።
መብራቱ ግን ነበር።
ሱፐርቫይዘሯ መጣች ወረቀት አንጠልጥላ፦
«ትእዛዝ ቆሟል፤ ገዢው ፊቱን አዞረ ወደ ሌላ።
ቀረጥ ገብቷል፣ ቀረጥ።»
ቀረጥ ስትል እኔ
ቆረጥ መሰለኝ።

እኛም እኮ ቆራጭ ነን፤ መሬማ ትመስክር፣
ጨርቁን አሥሬ ሳትለካ መቀስ አትሰነዝር።
እነሱ በምን ለኩን?

ወንድሜ አራጌ ደግሞ የእርዳታ መጋዘን ቆጣሪ ነበር፤
ዘይቱን በካርቶን፣ አተሩን በኩንታል፤
ጣሳው ላይ ሁለት እጅ ተጨባብጦ ይታያል።
በአንድ ሌሊት ፊርማ አንደኛው እጅ ተነሣ፤
ሌላው እንደተዘረጋ ቀረ፣ በባዶው ጣሳ።
እናቴ አሁን ጤና አዳም ተክላበታለች።

«እና ምን ዕዳ አለባቸው?» አሉ ከፊቴ ጋሽ ይመር፣
«የሰው ጎተራ ነው፤ ሲከፍቱት ያልገረመን
ሲዘጉት ምን አስገረመን?»
ከኋላ አንድ ተማሪ «ቢሆንም» አለ።
«ቢሆንም…»
ከዚያ በላይ ቃል አላገኘም።

ሬዲዮኑ ቀጠለ፤ እዚያም ድሃ አለ አሉ፣
የምግብ ካርዱን «ካልሠራ ንጠቁት» ይላሉ፤
አንዲት እናት፣ ኦሃዮ ይሁን ኦክላሆማ፣
ስልክ ይዛ ቆየች፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሙዚቃ ስትሰማ።
ያቺን ሴት አወቅኋት።
እኔም ለሥራ አጥ ደብዳቤ ቀበሌ ተሰልፌያለሁ፤
ሙዚቃው የለም እንጂ
ወረፋው ያው ነው።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ፤ «እጅ አወጡ» አለ አንባቢው።
እጅ ሲወጣ እጅጌው መቼ ይቀራል?
እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ሸሚዝ
አንዱ ኮሌታ የኔ ይሆናል።
ያንን እጅጌ የገጠመችው ምናልባት ጦይባ ናት፤
ስፌቷ አይተረተርም፣ የቱንም ያህል እጅ ቢያወጣባት።
ምነው ትንሽ ላላ አድርገን ሰፍተነው በነበር!

ሐረጎ ወገቡ ላይ ጉም መንገዱን ዋጠው፣
ሬዲዮኑ ተንሿሾ፣ ተንሿሾ፣ ጠፋ።
ማን እንዳሸነፈ አልሰማንም።
ጋሽ ይመር እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«ሂሳብ» አለ ረዳቱ።
ቋጠሮዬን ፈታሁ።
«አሥሯ ጎደለች፣ እህቴ።»
«አላወቅሁም ነበር እኮ መጨመሩን።»
«እኔም አይደለሁ የወሰንኩ፤ ከላይ ነው» አለና
ቀሪዋንም ተቀብሎኝ ዞረ።

ከማጅራቱ ላይ መለያዋ ተገልብጣ ወጥታለች፤
ከሰኞ ገበያ ገዝቷት ነው፣ ከፓርኩ የተጣለች፤
ጠርዟ የተንጋደደ።
መስመር አሥራ አንድ።
እጄን ሰድጄ ወደ ውስጥ መለስኳት።
ደነገጠ። «ምንድን ነው?»
«ምንም» አልኩት፤ «አሥራ አምስት ተኩል ነው፣ ይጠብሃል።
አንድ ቁጥር ጨምር።»