ካልሲው

ጉልበቴን የበላው ፔዳል ነው፣ ሌላ ጠላት የለም፤
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ከሲንጀሬ ጋር ስጣላም ስስማማም።
ሱሪ ሳሳጥር፣ ኮት ስገለብጥ፣ የሰው ወገብ ስለካ፣
ለካ
የራሴ መታጠፊያ ገበሩ አልቆ ኖሯል፣
አጥንት ካጥንት ጋር ፊት ለፊት ይፋጫል።

ሁለት ክረምት ወረፋ ጠበቅሁ።
ዛሬ ቸርችልን ቁልቁል፣ በምርኩዝ፣ እየቆምሁ እየተነፈስሁ
ጥቁር አንበሳ ገባሁ።
አግዳሚው ላይ ከጎኔ አንድ ሰው፣ እግሩን እንደ ግንድ የዘረጋ፤
ሻምበል ጉደታ ይባላል፤ ድምፁ ገና ያዛል፣ ፊቱ ግን የተወጋ።

ዶክተር ናርዶስ ወረቀቴን ገለጠች፤
ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች።
ስለ ጉልበቴ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፣
እሷ ግን ዙሪያውን ትዞር ጀመር።

"ስኳርዎ ስንት ነው? የሦስት ወሩ ማለቴ ነው።"
"የዛሬ ጠዋቱ ጥሩ ነው።"
"የዛሬውን አልጠየቅሁም።"
(እውነቷን ነው፤ ለአንድ ቀንማ የተዋሱት ኮትም ያምራል።)
"ሲጋራ?" "ትቻለሁ።" "መቼ?" "ትናንት ማታ።"
አልሳቀችም። ጻፈች። ቀልዴን ዋጥኩ በዝምታ።
"አፍዎን ይክፈቱ።" ደግሞ ይሄ ምን አመጣው?
የበሰበሰ መንጋጋዬን ከጉልበቴ ምን አገናኘው?
"ሽንት ያቃጥልዎታል?" ሲስተር ለምለም ቆማ እየሰማች!
"ጉልበትዎን መርፌ የተወጉት መቼ ነው?" ይህችንስ ከየት አወቀች?
እሪ በከንቱ ጎን ካለች ክሊኒክ፣ የዛሬ አምስት ሳምንት፣
ልጄ ሰርግ ላይ ልቆም ብዬ፣ ለአንዲት ምሽት።

ተቆጣሁ። "የመጣሁት ለጉልበት፤
አንቺ ግን ፈተሽሽኝ፣ እንደ ጉምሩክ ሻንጣ፣ ከላይ እስከ ታች ገብተሽበት።"
እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣
"ጋሽ ድንበሩ፣ ሥጋ ደም አለው፤ ጠላት ሲገባበት ዘብ ይልክና
ይዋጋል። ብረት ደም የለውም።
ጀርም አንዴ ከተኛበት መድኃኒት በቀላሉ አይነቅለውም።
በጥርስም ይምጣ በሽንት፣ ምንጣፉን አንጥፎ ይቀመጣል፤
ያኔ መልሶ መቅደድ ነው፤ ሰውም ካልጋ ጋር ይቀራል።"

ይሄ ገባኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ።
በጨርቅና በገበር መሀል የቀረ እድፍ የሚሠራውን አውቃለሁኝ፤
ከላይ ስትተኩሰው ያበራል፣ ከሥር ግን ይበላል፣
አንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ ብጥስ ይላል።

"እግርዎ ላይ ቁስል አለ?"
"የለም" አልኩ።

ግራ እግሬ፣ ትንሿ ጣቴ ሥር፣ ጫማ የላጣት፣
ሳንቲም የምታህል ነገር አለች፤ ለሚስቴም አላሳየኋት።
ቅባት ቀብቼ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣
ሌላ ሁለት ክረምት እንዳልጠብቅ ሰግቶ ልቤ።

ለፊርማ ወጣሁ። ሻምበል እዚያው አለ።
"አንተም ለብረት ነህ?" ብሎ ሱሪውን ሰቀለ።
ስፌቱስ አምሯል፤ እኩል እኩል፣ የሠለጠነ እጅ፤
መሀሉ ላይ ግን አንዲት ቀዳዳ፣ ገርበብ እንዳለ ደጅ፣
ቀስ ብላ ታለቅሳለች።
"መቀመጫዬ ላይ ብጉንጅ ነበረች።
ወታደር ስለ ብጉንጅ ያወራል እንዴ? ዝም አልኩ።
ነገ ብረቱን ያወጡታል።"
ከዚያ ሰዓት ጠየቀኝ።
አምስት ከሩብ፣ አልኩት።

ተመልሼ አንኳኳሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤
ጫማዬን ፈታሁ፣ የላይኛውን ካልሲ፣ ከዚያ የታችኛውን፣ ወደ ግድግዳው እያየሁ ገፈፍኩ።
ጎንበስ ብላ አየች። ረጅም ጊዜ አየች።
አልተቆጣችም፤ ያ ይብሳል።
"ሰኔ" አለች፣ "ይቺ ከደረቀች፣ ጥርሱ ከተነቀለ፣ ስኳሩ ከወረደ፣
ሰኔ፣ ክረምቱ ሳይገባ።"

ቸርችልን ሽቅብ ያዝኩት፣ በዚያው ባሮጌው ጉልበት።
ኪሴ ውስጥ ሦስት ሲጋራ የቀረው ፓኮ አለ።
ማዘጋጃ ቤቱ ጋ አወጣሁት፣ ቆጠርኩት፣ መልሼ ከተትኩት፤
ቆሻሻ መጣያው ፊት ትንሽ ቆምኩ።
የላይኛውን ካልሲ ነው የጣልኩት።