የማላውቀው ሰው ብሎን

እሑድ በማለዳ ከድልድዩ አጠገብ፣
ዱብ ወንዝ ጉም ለብሶ ሲፈጥን፣ ሲረግብ፣
አናቶል ሣጥኑን አገላብጦ ፈትቶ፣
ማሰሪያ የሌለው አንድ ሰዓት አውጥቶ፣
«መሄዱንስ ይሄዳል» አለኝ፣ «ሰከንድም ይቆጥራል፤
የላይ ቁልፉን ስትጫነው ቆጣሪው ይሮጣል፤
በታች ቁልፉ ግን መመለስ አይወድም።
ለመለዋወጫ ውሰደው፣ ለእጅህ አይሆንም።»

አርባ ዓመት በሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤
መሄዱን የሚያውቅ፣ መመለስ ያልሆነለት
ስንት ሰው ጭኛለሁ!
ገዛሁት።

ጊዝሌን በር ከፍታ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች።
ጊዜ አልጠየቀችም፤
ሰዓቶቼን ነው የቆጠረች።

ማታ፣ እራት ተነሥቶ፣ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ፣
አጉሊ መነጽሬን ቅንድቤ ሥር ሰክቼ፣
የጀርባ ክዳኑን ፈታሁት በዝግታ።
ከውስጥ፣ በመርፌ ጫፍ፣ የሠሪዎች ሰላምታ፦
«ር. ሚያዝያ ሃምሳ ስምንት»፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ
«ል. ነሐሴ ሰባ አንድ»፣ በጠማማ እጅ ታትሞ።
ሁለት ፊደል፣ ሁለት ዘመን። ያኔ ቤዛንሶን ላይ
ፋብሪካው ያፏጭ ነበር፣ ገና ሳትወጣ ፀሐይ።

ጥርስ ከጥርስ ገጥሞ፣ ሞላው ተጠቅልሎ፣
ሁሉም ከየቤቱ፣ ሁሉም ተደላድሎ፤
አንድ ብሎን ብቻ ባዕድ መስሎ በቅሎ።
ጭንቅላቱ ገሚስ፣ በሞረድ የታኘከ፣
ከአንድ ማንቂያ ሰዓት ተነቅሎ የተላከ።
«የማነህ አንተ ደነዝ!» አልኩት ያን ባለ «ል»ን፣
«ለበር እጀታ እንኳ የማይመጥን ብሎን!»
ነቅዬ ጣልኩት።

ድንበር ማዶ ጻፍኩ፤ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ።
እውነተኛው መጣ፣ ጤፍ የምታህል ብሎን፣
በሁለት ሰው እራት ዋጋ።
ጊዝሌን ደረሰኙን አየች፤ ምንም አላለችም።
ዝምታዋን ለማየት አጉሊ መነጽር አያሻም።

ገጠምኩት። አበራ። ጠበቀ። አማረ።
የላዩን ተጫንኩ፦ ቆጣሪው በረረ።
የታቹን ተጫንኩ፦
ባለበት ቀረ።

ለማያውቅ ልንገር፦ ከቆጣሪው በታች አንዲት ብረት አለች፣
ቅርጿም ልብ፣ ስሟም ልብ፤ ከመዶሻ ጎን ተኛች።
ቁልፉ ሲነካ መዶሻው ይወድቃል፣
የተመታው ልብ ዞሮ፣ ተንሸራትቶ፣ ዜሮ ላይ ያርፋል።
ካልተመታ አይመለስም። እንዲህ ነው ሥራቱ።
የእኔ መዶሻ ግን ይዘረጋል እንጂ አይደርስም ከቤቱ።

አራት ሌሊት ሙሉ ልቡን አየሁ፣ ልብ ሳልል።
በአምስተኛው፣ ዓይኔ ሲያነባ፣ ወገቤ ሲዝል፣
ክንዱን አየሁ፦ መዶሻውን የሚገፋው ክንድ አልቋል፤
የስንት ሰው ጣት ገፍቶት፣ ገፍቶት፣ ብረቱ ሳስቷል።
ልኩን ላለፈ ክንድ ልከኛ ብሎን አይሆንም።
ባለ «ል» ይህን አይቷል። እኔ ግን አላየሁም።
ሞረዱን ስቦ፣ ለክቶ፣ ደግሞ ስቦ፣ ደግሞ ለክቶ፣
የጎደለውን ሞላው ሌላ ጎደሎ አምጥቶ።

ቆሻሻውን ዘረገፍኩ፤
ከድንች ልጣጭ መሀል በማግኔት ለቀምኩ።
ይቅርታ የምለው ሰው አልነበረም፤
ብሎኑን በቤንዚን አጠብኩ።

መለስኩት። ነካሁት።
ቆጣሪው ጠብ! ከቤቱ፤
አንድ ፀጉር ሲቀረው። እሱንም ተውኩት።
ጥቁር ገጹም ወይቦ ዳማ ሆኗል፤
ቀቢው «እንደ አዲስ አደርገዋለሁ» ብሎኛል።
አዲስማ ሞልቷል።

ከክዳኑ ውስጥ፣ ከሁለቱ ፊደል ሥር፣ በመርፌ ጫርኩበት፦
«በ. ኅዳር። ብሎኑን አትንኩት።»

ዛሬ ጠዋት ጊዝሌን እንቁላል ስትቀቅል
ክንዴን ስባ፣ ሳትጠይቅ፣ የላዩን ቁልፍ ነካች።
ሦስት ደቂቃ ቆመን አየን፤ ከዚያ የታቹን ተጫነች።
«አንድ ፀጉር ይቀረዋል» አልኳት።
«እንቁላሉ አላወቀም» አለች።