ማክሰኞ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ

በርገን ዛሬም ዘነበ። ትናንትም ዘንቦ ነበር።
ከነገም የምጠብቀው የለኝም ሌላ ነገር።
ሰማዩ እንደ እርጥብ ካልሲ ተራራው ላይ ተሰጥቶ
ጠብ ጠብ ይላል ከሌሊት ጀምሮ፣ ጨማቂ አጥቶ።

ሽንኩርት መላጥ ነበር ከእናቴ የለመድኩት፣
መልሶ ማልበሱን እዚህ ነው የተማርኩት፦
ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ጃኬት፣
በጃኬቱ ላይ ደግሞ የላስቲክ ካፖርት፣
ሱሪው ከነማንገቻው፣ ቦት ጫማው፣ ጓንቱ…
ሁለቱም የግራ ናቸው፤ የቀኙስ፣ የት አባቱ!
ላብ በላብ ሆኜ ዚፑን አገጩ ሥር ሳስቀምጥ
«ሽንቴ መጣ» ይለኛል ልጄ ኢዮሳፍጥ።

እንደገና መላጥ።

ውዳሴ በር ላይ ቆማለች፣ የአምስት ዓመት ዳኛ፣
«አረፈድን» ትለኛለች በኖርዌይኛ።
በዚያው ቋንቋ ስመልስላት ፊቷን ታጨማድዳለች፦
«እንደሱ አይደለም እማ፤ ከንፈርሽን ሰብስቢ» ትላለች፣
«ልክ ልትስሚኝ ስትይ…»
እሰበስባለሁ።
ስሜያት አርፋለሁ።
ትምህርቱ እዚያው ፈረሰ። ጉንጯን ጠራረገች፣
እኔን ቀድማ ደረጃውን ወረደች።

በዚህ አገር ደንብ አለ፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም፦
ከረሜላ የቅዳሜ ነው፤ በሌላ ቀን አይላስም።
እኔም ለጥርሳቸው ብዬ አጸደቅኩት በቤቴ፣
ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ፣ ፈርሜ ከነአባቴ።
ኢዮሳፍጥ በቀን ሦስቴ «ዛሬ ቅዳሜ ነው?» ይለኛል፤
«ማክሰኞ ነው» ስለው ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ከንፈሩን መጦ ያየኛል።

ግርማቸው የማታ ፈረቃ ነው፤ የከተማውን ባቡር ይነዳል።
ከሳሎናችን መስኮት ሥር ሐዲዱ ታጥፎ ይሄዳል፤
ውዳሴ ወንበር ላይ ቆማ ለሚያልፈው ሁሉ እጇን ታወዛውዛለች፤
ከስምንቱ አንዱ አባቷ ነው። ሰባቱን በትርፍ ሰላም ትላለች።

እነሱ መስኮቱ ላይ ሳሉ «ልብስ ላወጣ» ብዬ
መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ በሩን ቀስ አድርጌ ገጥሜ።
የዚህ አገር መታጠቢያ ቤት ወለሉ ይሞቃል፤
ሽቦ አለው ከሥሩ፤ ተረከዝ ያውቀዋል።
ተቀመጥኩ። እግሬን ዘረጋሁ።
ማሽኑ ይዞራል፦ ካልሲ፣ ቀሚስ፣ ባለቤት የሌለው ካልሲ፣ የትራስ ልብሴ።
ከዱቄት ሳሙናው ካርቶን ግርጌ አወጣሁ፣ የደበቅኩትን ለራሴ፦
ባለ ለውዝ ቸኮላት። የቀረችው አራት ቁራጭ።
ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ማሽኑ እስኪጮህ ጠብቄ
አንዷን ምላሴ ላይ አሳረፍኳት

በሩ ተከፈተ።

ውዳሴ በፒጃማ። ካርቶኑን አየች። ጉንጬን አየች፣ ያበጠውን።
«ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለች፣ እያወቀችው መልሱን።
ምን ይባላል? ያወጣሁትም እኔ፣ የሻርኩትም እኔ።
«ውጭ ማክሰኞ ነው» አልኳት፤ «እዚህ ውስጥ ቅዳሜ ነው። ዝጊና ነይ ከጎኔ።»

ዘጋች። ቁጭ አለች። ራሷን ክንዴ ላይ ጣለች፤
ፀጉሯ የመዋለ ሕፃናት አሸዋ ይሸታል፣ እርጥብ ሱፍ።
አልተነጋገርንም፤ ሥራ ይዟል አፍ።
ከቀሩት ሦስት ቁራጮች ሁለቱን እሷ በላች።
ሦስተኛዋንም አየቻት። ከዚያ እኔን አየች።
እኔ ጠግቤ ነበር፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ በሩ በሆድ ተገፋ። ኢዮሳፍጥ፣ በአንድ ቦት፣
ከወገብ በታች ራቁቱን፣ ኮፍያ ደፍቶ እንደ ሹመት።
ውዳሴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።
እኔ ማሽኑን አየሁ፣ ካልሲው ሲዞር፣ ሲዞር።
ጭኔ ላይ ወጣ፤ አፍንጫውን ወደ አፌ አስጠግቶ
አሸተተ፣ እንደ ጉምሩክ ውሻ፣ ጥቂት አመንትቶ፣

«እማ» አለ፣
«አፍሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይላል።»