ኦንሊ

ፈርዋኒያ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የሐዋላው ቤት ሰልፍ፤
ፈቃዴ ሦስት ሰዓት ናት፣ አንዷን ቆሜ ሳሳልፍ።
ከመስታወቱ ወዲያ ቢጁ፣ የኬረላው ልጅ፣
ብር ሲቆጥር ጣቱ ዝናብ፣ ዓይኑ ግን ሌላ ደጅ።

ደረሰኙን ገፋልኝ በጠባቧ ቀዳዳ፤
ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ የወሩን ሁሉ ፍዳ።
ከቁጥሩ ሥር ግን ልኩ በፊደል ተጽፎ፣
«ሰባ ዲናር» ካለ በኋላ አንድ ባዕድ ቃል ተለጥፎ፦
ኦንሊ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልሁት በተሰባበረ ዓረብኛ።
«ፈቀጥ» አለኝ።
ፈቀጥን ማን ያጣታል ከኛ?
ፈቀጥ አንድ እንቁላል፣ ፈቀጥ አንድ ባልዲ ውኃ፣
ፈቀጥ ዐሥር ደቂቃ፣ ትለኛለች ማዳም።
ግን ለምን ከገንዘቤ ኋላ? ማነሷን ለማወጅ ነው?
እኔ እንደሁ አላፈርሁባትም።

ሳቀ ቢጁ፤ የወረቀቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ ነካ።
«ስድብ አይደለም፣ አጥር ነው፤
'ከዘጠኝ መቶ ፊልስ' ብሎ ከኋላው ማንም እንዳይሰካ።
ገንዘቡ እዚህ ላይ አለቀ። ተቆለፈ። ቀጣይ!»

ወጣሁና ከአሮጌ ኤሲ ጠብታ አጠገብ
ሐርቡ ደወልሁ።
«አልሐምዱሊላህ» አለች እማ፣ «ሁላችን ደህና፣ ከብቱም ጥጋብ፣
ዝናቡም አልከፋ። ብቻ…»

የኛ ብቻ አጥር አይደል፣ የኛ ብቻ በር ነው፤
አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ማነው የሚመልሰው?
ብቻ የጣሪያው ቆርቆሮ በስተግራ ተቀዶ፣
ብቻ የሙህዬ ኮሌጅ፣ ስሙ ሊሰረዝ ተፈርዶ፣
ብቻ ያ የዘሀራ ሠርግ፣
ብቻ አንቺን የላክንበት የደላላው ብድር
ገና አልተዘጋም።

አልተቀየምኋትም። ለማን ትበለው?
ደረሰኙ በላቤ ራሰ፤ ቃሏን አየኋት፦
ቢጁ ከኋላ አጠራት፤ ከፊት ግን ማን ጠበቃት?
አንዲት «ለ» ሰክተውባት፣
ሌሊት ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን፣ በስስ ፍራሽ ላይ፣
ለብቻ አደረጓት።

«አንቺስ ልጄ? ደህና ነሽ?»
«ደህና ነኝ» አልሁ።
ብቻ… ጉሮሮዬ ድረስ መጣች፣
ከኋላዋ ወገቤ፣ ያበጠ እግሬ፣ ያልተከፈለኝ የሁለት ወር ደሞዝ
ተራቸውን ይዘው ተሰልፈው።
የቢጁን ቁልፍ አነሳሁ።

«ደህና ነኝ። ኦንሊ።»
«ምን አልሽ?»
«ምንም፣ እማ። ኔትወርኩ ነው።»