ስድስት ብዬ ጻፍኩ

በጥር ውርጭ መሐል፣ በደብረ ብርሃን፣
ከአዳራሹ ጥግ ይዤ እስክሪብቶና ወረቀቴን፣
ነጥብ መዝጋቢ ነኝ፤ የሂሳብ መምህር፤
የልጆችን ስህተት በቀይ ስከብ የምኖር።

ሸዋ ሮቢቶች ከቆላ ወጥተው፣ ሹራብ ተዋውሰው፣
ሞላሌዎች ሮቦታቸውን እንደ አራስ በጋቢ ጠቅልለው፤
ጎማው የዘይት ክዳን፣ ክንዱ የጃንጥላ ሽቦ፣
ሞተሩ ከተሰበረ ቴፕ በልመና ተሰብስቦ።
መሪያቸው ትብለጥ ትባላለች፤ ብዙ አትናገርም፤
ስሟ ይለምንላታል፣ እሷ አትለምንም።

ፊሽካ። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ።
መስመር ያለፈ ሳጥን ሙሉ ነጥብ፣ የረገጠ ግማሽ።
አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት፤ ሦስት፤
ክንዱ እየተንቀጠቀጠ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ደረቀ በብርድ፤
በትንፋሼ ሳሞቀው፣ ዐይኔ ከሜዳው ሲወርድ፣
ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የሰው ወንበር መሰለኝ።
ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማንም አልጠየቀኝ።

ሮቢቶች ስድስት ተኩል። በግማሽ ሳጥን ዋንጫ።

ትብለጥ መጣች፤ ሮቦቷ ጀርባ ላይ ካልኩሌተር ታስሯል፤
ክንዱ ሳጥን ባራገፈ ቁጥር አንዲት ቁልፍ ይጫናል።
«ሰባት ይላል፣ መምህር።»
«ማሽን ይሳሳታል» አልኳት፤ እኔ፣ የቁጥር ሰው፤
«የሚጸናው የተጻፈው ነው።»
አልተከራከረችም። ባትሪው እንዳያልቅ አጠፋችው፣
ጋቢውን መልሳ አለበሰችው።

ማታ በጠባሴ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣
ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ አልተኛ ቢል ልቤ።
ሳጥኑ ሃያ ነበር ጨዋታው ሲጀመር፤
ሰባት በሮቢት በኩል፣ አንዱ የረገጠ መስመር፤
ስድስት የሞላሌ፤ ስድስት ሜዳ ላይ የቀረ።
አሥራ ዘጠኝ።
ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። አሥራ ዘጠኝ።
በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉናል፤
ይህን የእኔን ስድስት ታዲያ የትኛው ልጅ ይወርሰዋል?

ሲነጋ ሮቢት ደወልኩ። ሚልክያስ አነሣ፣ የአሸናፊዎቹ መሪ።
ሌሊቱን ያጠናሁትን ይቅርታ ስጀምር ዝም አለ።
ከኋላው ዶሮ ይጮኻል።
«እኔም ሰባት ቆጥሬ ነበር፣ መምህር።»
ሌላ አልጨመረ፤ እኔም አልጨመርኩ፤
ሁለታችንም ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም።

የሞላሌ ትምህርት ቤት ስልክ አይሠራም፤ ኔትወርክ የለም ዛሬ።
መናኸሪያ ቆሜአለሁ፤ ወረቀቱ ብብቴ ሥር።
ስድስቱን አልፋቅሁትም፤ በቀይ ከብቤ
ሰባትን ከጎኑ ጻፍኩ፤ እንደገና ፈረምኩ።
«ሞላሌ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» ይላል ረዳቱ።
አንገቴን አስግጌ ባዶውን ወንበር ቆጠርኩ፤
አምስት ነው።
ደግሜ ቆጠርኩ።